የናሱ ማይክሮስኮፕ ቀብድ

ጥቅምት 14

ለተከበሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላ ያልተሸጠውን ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሱቅ መመለስ ለአንድ ሽማግሌ የሳምንት ሥራ ነው።

በቅድሚያ ስለ ጎረቤቴ ይቅርታ ልጠይቅዎ። ከጎኔ ሳንቲም የሚሸጠው ሰውዬ ነው «ለባልሽ ስጦታ ነው?» ያለዎት። እርስዎ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «ባል ቢኖረኝ እሱን ሽጬ ይህንን እገዛ ነበር» ብለው ወደ ሌንሱ ተመለሱ። ነጋዴዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲስቁበት ዋሉ።

ሰው ለእንዲህ ያለ ውድ ዕቃ በምን እንደሚከፍል ጠይቀውኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ንግድ ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርዎ። ሀብታሞቹ ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። ዋጋ የሚያስቀንሱትም እነሱ ናቸው፤ የተቆጠረ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የሻጭ ልብ ይላላል። ጠንቃቆቹ ባንክ ሄደው ሲፒኦ ያሠራሉ። ተራ ቼክ ከማላውቀው ሰው አልቀበልም፤ አንድ ጊዜ ተቀብዬ ባሮሜትሬ ሄዶ ወረቀቱ ብቻ ቀርቶልኛል። የቆዩ ሰብሳቢዎች ዕቃ በዕቃ ይለዋወጡና ልዩነቱን በገንዘብ ይጨምራሉ። የቀረው ደግሞ እንደ እርስዎ ቀብድ ይሰጣል።

ከአርባ አራት ሺሁ ስምንቱን ተቀብያለሁ፤ ደረሰኙ በእጅዎ ነው። ቀሪውን በየወሩ ስድስት ስድስት ሺህ ከከፈሉ በሚያዝያው ኤግዚቢሽን ማይክሮስኮፑን ይረከባሉ። ሁለት ወር ካሳለፉ ግን ወደ ጠረጴዛ ይመለሳል። ይህን የምለው ጨክኜ አይደለም፤ ስንቱን ዕቃ ለሰው ይዤ ሰውየው ሳይመጣ ቀርቷል።

የሱቄ ስልክ ከላይ አለልዎት፤ ሲመችዎ ይደውሉ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለምን ፈለጉት?

የናስ ዕቃ ነጋዴው


ጥቅምት 26

ለተከበሩ ነጋዴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። የመጀመሪያውን ስድስት ሺህ ትናንት ባንክ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ።

ስልክ አልደውልም። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ «መቼ አልኩ» ይባላል። በወረቀት እንነጋገር።

ለምን እንደፈለግኩት ጠይቀውኛል። ከእኔ ፊት የነበረው ባለ ሙሉ ልብስ ሰውዬ ቴሌስኮፕ ሲገዛ ለምን እንደፈለገው ሲጠይቁት አልሰማሁም። ገንዘቡን ቆጥረው ጨብጠው ሸኙት። እኔ ስሆን ምክንያት ማቅረብ አለብኝ? ቢሆንም እነግርዎታለሁ፤ እንዲፈቅዱልኝ አይደለም፣ ጥያቄውን ደግመው እንዳይጠይቁኝ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ጠዋት ፈርሜ ማይክሮስኮፕ እወስዳለሁ፣ ማታ ፈርሜ እመልሳለሁ፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ለንብረት ክፍል አስረክባለሁ። አንድ ጊዜ ሌንሱ ላይ ጭረት ተገኘ ተብሎ አራት ወር ከደመወዜ ተቆርጧል፤ ጭረቱ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ ነው። የስንቱን ሰው ደም አይቼ የበሽታውን ስም ጽፌ ሰጥቻለሁ። ለራሴ ብዬ፣ «ቶሎ በይ፣ ወረፋ አለ» ሳልባል ያየሁት ነገር ግን የለም። ቁልፉን መልሺ የማልባልበት ማይክሮስኮፕ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም እንዳያስቡ፤ እሁድ እሁድ ሌላ ክሊኒክ ገብቼ መሥራት ጀምሬያለሁ። ወር አላሳልፍም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ


ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለእህቴ፣

«እህቴ» ማለቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በደብዳቤዎ ከገሰጹኝ ወዲህ «የተከበሩ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እፈራለሁ። ልክ ነዎት፤ ሰውየውን አልጠየቅኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሸጥ አንድም ወንድ ጠይቄ እንደማላውቅ ያኔ ነው የታወቀኝ።

የኅዳሩ ክፍያ ከማስታወሻዎ ጋር ደርሷል፤ ደረሰኙን ልኬያለሁ። ሣጥኑ ይዘጋል ወይ ላሉኝ፣ ይዘጋል፤ ማጠፊያው ብቻ ላልቷል፣ አጠብቅልዎታለሁ። ሦስቱም ሌንሶች ደህና ናቸው። ናሱን በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ፈሳሽ አላስነካውም፤ የድሮውን ቀለም ይልጠዋል።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። አንድ የሆቴል ባለቤት ሱቄ መጥቶ ማይክሮስኮፑን ስልሳ ሺህ በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ አለኝ። ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ እንዲሆነው ነው፤ በየትኛው በኩል እንደሚታይበት እንኳ አላወቀም። የሰው ነው ብዬ መለስኩት። ካርዱን ጥሎልኝ ሄደ።

ሸክምዎን ለማቅለል ያህል፣ በልዋጭ ብናደርገውስ? በማስታወሻዎ ከተሰበሩ መሣሪያዎች የሰበሰቧቸው አሥራ አንድ ሌንሶች አሉኝ ብለው ነበር። ስድስቱን ቢሰጡኝ ሁለት ወር አነሳልዎታለሁ።

ጓደኞቼ የሚጠሩኝ ኮምፓስ ብለው ነው። አንድ ዓመት ኤግዚቢሽኑ አዲስ ሕንፃ ሄዶ፣ ሃያ ሁለት ኮምፓስ በሻንጣ ተሸክሜ መንገድ ጠፍቶብኝ በማግስቱ ስለደረስኩ ነው። እርስዎም እንደዚያ ቢሉኝ አልቀየምም። ቤተሰብ አለዎት?

ኮምፓስ


ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለጋሼ ኮምፓስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የዚህን ወር አስገብቻለሁ።

ሌንሶቼን አልሰጥም። እያንዳንዱን ከቆሻሻ ላይ አንስቼ፣ አጥቤ፣ በጥጥ ጠቅልዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የተስማማነው በገንዘብ ነው፤ በገንዘብ እጨርሳለሁ። የሆቴሉን ሰውዬ ስለነገሩኝ ግን አመሰግናለሁ። ቢደብቁኝ ኖሮ አልምርዎትም ነበር። ተመልሶ መጥቷል? ማጠፊያውስ ጠበቀ?

ቤተሰብ ላሉኝ፣ አንድ ወንድም አለኝ። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ እኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ፣ እሱ አሥራ አንድ። አስተማርኩት፣ ዳርኩት፣ መኪና መንዳት የሚያስተምርበትን የመጀመሪያ መኪና እኔ ነኝ የገዛሁለት። አሁን ልጁ ልታገባ ነው። ባለፈው ወር መጥቶ የአዳራሹን ኪራይ እንደምከፍል ያለቀ ነገር አድርጎ ነገረኝ። «እከፍላለሁ ብያለሁ?» አልኩት። «መች ብለሽ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ነው የምትከፍይው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ የአንተን ደረሰኝ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አሳየሁት፤ በዚህ ዓመት የምከፍለው ይህንን ብቻ ነው አልኩት። «የአንተን» ብዬ መጻፌን አሁን አየሁ፤ ይቅርታ፣ የእርስዎን ማለቴ ነው። ስናደድ አንቱታ ይጠፋብኛል።

ደረሰኙን አገላብጦ አይቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ይኩረፍ። ብቸኛ ደስታዬ እሱ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ልጨምር ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ


ጥር 20

ይድረስ ለእህቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ገንዘቡ ደርሷል።

ስለ ማይክሮስኮፑ ጉዳይ በአካል ብንነጋገር ይሻላል። ለኤግዚቢሽኑ ሲመጡ ሁሉንም እንነጋገራለን።

ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይተኛሉ? እሁድ እሁድም መሥራቱ አልከበደዎትም? ዕረፍት ቢያደርጉ እኔ ቅር አይለኝም፤ ወሩን አልቆጥርብዎትም። ራስዎን ይጠብቁ።

ኮምፓስ


ጥር 29

ለነጋዴው፣

የጥርን ስድስት ሺህ አስገብቻለሁ። ወረቀቱ ይኸው።

ያለፈውን ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ማጠፊያው ጠብቆ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ አልመለሱም። የሆቴሉ ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ አልመለሱም። እኔ ያልጠየቅኩትን እንቅልፌን ግን ጠየቁኝ። እንቅልፌ ከማይክሮስኮፕ ጋር ምን አገናኘው? በደንብ ነው የምተኛው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የደወል ሰዓት ባይቀሰቅሰኝ እስከ ቀትር እተኛለሁ።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያዬን ከፈትኩ። በየወሩ የላኩልኝ ደረሰኞች አሉ። የቀብዱ ደረሰኝ የለም። ቤቴ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው። የቤቱ ትርፍ ቁልፍም ያለው እሱ ጋ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊቴ ቆሞ «ምንም አልተገኘም በይኝ» እያለ በዓይኑ ሲለምነኝ፣ ያየሁትን ነው የነገርኩት። እርስዎም ያዩትን ይንገሩኝ። ሸጠውት ከሆነ ሸጥኩት ይበሉ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ


የካቲት 8

ይድረስ ለእህቴ፣

አልሸጥኩትም። ይህንን ከሁሉም በፊት ይወቁልኝ። የሠራሁት ጥፋት ግን አለ፤ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ደብቄዎታለሁ።

ታኅሣሥ 18 ወንድምዎ ሱቄ መጡ። የቀብዱን ደረሰኝ ይዘዋል። ትሁት ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የገቡት።

«አባቴ፣ እህቴ ታማለች» አሉኝ።

«ምን ሆነች?» አልኳቸው።

«ጭንቅላቷን ነው። እንቅልፍ የላትም፣ ብቻዋን ታወራለች። ያላትን ጥሪት ለአሮጌ ዕቃ እየበተነች ነው። ከእኔ በቀር ሰው የላትም። ቀብዱን ቢመልሱልኝ ለሕክምናዋ ይሆናል።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እህቴ፣ ከዓመታት በፊት ለአንድ የታመመ ሰው ግራሞፎን ሸጬ፣ ልጆቹ መጥተው ገንዘቡን እንድመልስ ሲለምኑኝ ንግድ ነው ብዬ መልሻቸዋለሁ። ሰውየው በዚያው ወር ሞተ። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር። ስምንቱን ሺህ ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይኼ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤት ካርድ የጠረጴዛዬ መስታወት ሥር ነበር። ወንድምዎን ለማመን የቸኮልኩት ለዚያም ጭምር ነው። በማግስቱ ደወልኩለት፣ ሐሙስ እመጣለሁ አለኝ።

የታኅሣሥ 15 ደብዳቤዎ የደረሰው ረቡዕ ነው። ስለ ወንድምዎ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ደረሰኙ አነበብኩ። ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሰውየው የሱቁን በር ሲያንኳኳ ውሎ መሄዱን ጎረቤቶች ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱን መጻፍ አፍሬ፣ ምናልባት እውነት ታመው ቢሆንስ ብዬ ስለ እንቅልፍዎ ጠየቅኩ። የታመመ ሰው እንደዚያ እንደማይጽፍ እያወቅኩ።

ስምንቱን ሺህ ከራሴ እሸፍናለሁ። ቀብድዎ እንደተከፈለ ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ በእኔ ላይ እምነት ቢያጡ፣ ያስገቡትን በሙሉ አልነካሁትም፤ በአንድ ቃል እመልሳለሁ።

ኮምፓስ


የካቲት 17

ለጋሼ ኮምፓስ፣

ያስገባሁት አይመለስም። የየካቲትን ጨምሬ ልኬያለሁ።

የእርስዎን ስምንት ሺህ አልፈልግም። እኔ ከፍያለሁ። ሁለቴ ይከፈልልኝ ብዬ አልለመንኩም። ከእኔ ኪስ የወጣውን የወሰደው ሰው ይመልሰዋል።

ወንድሜ ቤት ሄጄ ነበር። ምሳ ላይ ደረስኩ። ደብዳቤዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «አንብብ» አልኩት። ሁለት መስመር አንብቦ አጠፈው።

«ለአዳራሹ ቀብድ ከፈልኩበት» አለኝ።

«በእኔ ቀብድ ሌላ ቀብድ?»

«እትዬ፣ ያንቺ ገንዘብ የኛ አይደለም እንዴ?»

«ስትማር ያንተ ነበር። ስታገባም ያንተ ነበር። አሁን የኔ ነው።»

«እና ሠርጉ ላይ ሰው ምን ይለኛል?»

«እብድ ናት ያልከው አንተ ነህ። ሰው ሲጠይቅህ እብድ እህቴ አልከፍልም አለች በላቸው።»

ጋሼ፣ ልጅቷ ከጓዳ እየሰማች ነበር። ሙሽራዋን ማለቴ ነው። ሳህን ይዛ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ አክስቴን እብድ ናት አልካቸው?» አለችው። አንገቱን ደፋ። እኔ ስቆጣው እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ አያውቅም። ሳህኑን አስቀምጣ «አዳራሹ ይቅር፤ ግቢያችን ይበቃል» ብላ ተመልሳ ገባች።

ሳልወጣ ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ስምንቱን ሺህ በሚያዝያው ኤግዚቢሽን ራሱ ይዞ ይመጣል። በሱቅዎ፣ በር ተዘግቶ፣ ሹክ ተብሎ አይሆንም። ለእርስዎ ይሰጣል፤ በውሸት እንደወሰደው፣ እኔም ጤነኛ እንደሆንኩ ሌሎቹ ነጋዴዎች በሚሰሙት ድምፅ ይናገራል። በዚያ ጠረጴዛ ፊት እንደ ማንኛውም ገዢ ቆሜበታለሁ፤ ስሜ እዚያው ይጠራልኝ። ከዚያ ማይክሮስኮፑን ተሸክሞ ያመጣልኛል።

እኔ አልመጣም። እዚያ ብቆም እኔን ፈርቶ ነው የሚናገረው። እኔ በሌለሁበት ይናገር።

ለእርስዎ ያለኝን አልረሳሁም። ዋሽተውኛል። ሐሙስ ዕለት በር መዝጋትዎን ግን ጽፌ ይዣለሁ። አንዱ አንዱን አያጠፋውም፤ ሁለቱም አሉ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ


ሚያዝያ 10

ይድረስ ለእህቴ፣

የመጋቢቱ ደርሶ ነበር፤ ደረሰኙ ሣጥኑ ውስጥ አለ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ማይክሮስኮፑ ቀድሞኝ ቤትዎ እንደሚሆን አስባለሁ። የሆነውን እንዳለ ልጻፍልዎ።

ወንድምዎ በመጀመሪያው ቀን አልመጡም። ቀሩ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በሚጋፋበት ሰዓት፣ ከሁለት ገዢዎች ኋላ ወረፋ ይዘው አየኋቸው። ከሁሉም ፊት የቆመው ማን እንደሆነ ይገምታሉ። የሆቴሉ ባለቤት ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ «ስልሳ አምስት፤ አሁኑኑ» እያለኝ ነበር።

«ባለቤት አለው» አልኩት።

«ታዲያ የታለ ባለቤቱ?»

ወንድምዎ ከኋላ «እህቴ ናት» አሉ። ቀስ ብለው ነበር ያሉት። ወደፊት መጡና ፖስታውን አስቀመጡ። «ይህ ገንዘብ የእህቴ ነው። ውሸት ተናግሬ ነው የወሰድኩት። እህቴ አልታመመችም።»

እኔ ያዘዙኝን መፈጸም ነበረብኝ። «እህትዎ በሚሰማ ድምፅ ነው ያሉት» አልኳቸው። እውነት ለመናገር ልቤ አዘነላቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ደገሙት። እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያላቸው። መኪና ሲያስተምሩ «ፍሬን ያዝ» የሚሉበት መሆን አለበት። ሦስት ጠረጴዛ ድረስ ሰው ዞረ። ጎረቤቴ ሳንቲም መቁጠሩን አቆመ።

«ባል ቢኖረኝ ሽጬ ያለችው ሴትዮ ናት?» አለ።

ወንድምዎ ታሪኩን አያውቁትም። ነገርናቸው። «አዎ፣ እሷ ትሆናለች» አሉ። ከመጡ ወዲህ ያኔ ገና ቀና አሉ።

የሆቴሉ ሰውዬ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። እኔ ከስልሳ አምስት ሺህ ጋር ስለያይ ምን እንደተሰማኝ አይጠይቁኝ፤ አልዋሽም ብያለሁ።

ፖስታውን ቆጠርኩ፤ ስምንት ሺህ ሙሉ ነው። ሙሉ ክፍያ የሚል ደረሰኝ ጽፌ ማኅተም አደረግኩበት። ሣጥኑን አቅፈው ወጡ። እንዳይወድቅባቸው ብዬ እስከ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። ለራሳቸው አንድ፣ ለሣጥኑ አንድ ትኬት ቆርጠዋል። በመስኮት በኩል አስቀምጠውት እጃቸውን እላዩ ላይ እንደጫኑ ሄዱ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ወንድምዎን ምን አሏቸው? ደግሞስ መጀመሪያ ያዩበት ምንድን ነው?

ኮምፓስ


ሚያዝያ 24

ይድረስ ለጋሼ ኮምፓስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዕቃው በደህና ደርሷል። ማጠፊያው ጠብቋል፤ አመሰግናለሁ። ናሱ ላይ የእርስዎ የጣት አሻራ ነበረበት፤ ጠረግኩት።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ መጣ። ሣጥኑን መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ አሳየሁት፤ አስቀመጠ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን ሳበና ተቀመጠ። የመንገዱን አቧራ ታጠብ ብዬ ውሃ አቀረብኩለት።

«እትዬ፣ ትንሽ ልይበት?» አለኝ በኋላ።

«ዛሬ አይሆንም» አልኩት።

«ነገስ?»

«እኔ እጠራሃለሁ።»

እሺ አለ። ሲወጣ የቤቴን ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳልጠይቀው ነው። ማርኬው እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጉ፣ ገና ነው። ጊዜው ሲደርስ አውቀዋለሁ፤ እስከዚያ ማንም አያቻኩለኝ። ሠርጉ ግን በሚቀጥለው ወር ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ እሄዳለሁ። እንደ እንግዳ ነው የምሄደው። ወንበር ተሰጥቶኝ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሲቀርብልኝ እበላለሁ። እንደዚያ ሆኜ ሠርግ አይቼ አላውቅም። ልጅቷን ራሴ ጠርቻታለሁ፤ ከሠርጉ በኋላ መጥታ ከእኔ ጋር እንድታይ ተቀጣጥረናል። አባቷ ከእሷ በኋላ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ወሬው ደርሷል። የንብረት ክፍል ኃላፊው «በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚያ ሁሉ ገንዘብ፣ ቤትሽ ውስጥ ምን ልትመረምሪ ነው?» አለኝ። ጠዋት የምፈርምበትን መዝገብ ገፋ አድርጌለት «ያንተን እዚህ እፈርምልሃለሁ፤ የኔን አልፈርምም» አልኩት። ሥራዬን ቀጠልኩ።

በጥቅምቱ ኤግዚቢሽን እመጣለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ባለው ደረሰኝ ጀርባ ላይ የአሮጌ ማይክሮስኮፕ የመብራት መስታወት እንዳለዎት ጽፈው ነበር። ከሌላ ሰው ጋር ከተስማሙ ይስጡት፤ ካልተስማሙ ቀብዱን በእጄ ይዤ እመጣለሁ። የሳንቲሙን ሰውዬም ደህና ዋል ብላሃለች ይበሉልኝ።

መጀመሪያ ያየሁበትን ጠይቀውኛል። ወንድሜ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግቼ፣ ወንበሬን ሳብኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ማንም ወረፋ አልያዘም። ያየሁትን መዝገብ ላይ አልጻፍኩም፣ ለማንም ውጤት አልሰጠሁም። ለእርስዎም አልነግርዎትም፤ አይቀየሙኝ።

የማይክሮስኮፑ ባለቤት